የእኔ ደቦ መቼ ነው?

ባለፈው ኅዳር የአባቴ ሩዝ ሲታጨድ እኔ ግራር ሥር ላፕቶፕ ታቅፌ ተቀምጬ ነበር። ቦታው ቁሐር ሚካኤል ነው፤ ክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በጋ ደግሞ መሬቱ የሚሰነጣጠቅበት የፎገራ ሜዳ። ሃያ ምናምን ሰው ማጭድ ይዞ ማሳው ላይ ተሰልፏል። አንዱ ዘፈን ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ሳቃቸው እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። እኔ የዓመት ፈቃድ ወስጄ የመጣሁ ሰው ግን ስልኬን ሆትስፖት አድርጌ፣ ኔትወርኩ ብቅ ጥልቅ እያለብኝ፣ አዲስ አበባ የተበላሸ ነገር እያስተካከልኩ ነው።

ጠዋት በቴሌግራም የደረሰኝ መልእክት «በእረፍትህ ስለረበሽኩህ ይቅርታ ወንድሜ፣ ትንሽ ነገር ናት፣ አንተ ስለምታውቃት ነው» ይላል። ትንሿ ነገር እስከ ማታ ይዛኝ ዋለች። በሙያው ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ትንሽ ነገር የሚባል ነገር የለም።

ሰዎቹ ለምሳ አረፍ ሲሉ አባቴ ጠላ ይዞልኝ መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ስክሪኑን አየት አድርጎ፣

«ፈቃድ ላይ ነኝ አላልከኝም?» አለኝ።

«ነኝ።»

«ታዲያ ይሄ የማን ሥራ ነው?»

«የመሥሪያ ቤቱ።»

«የዛሬውን ይከፍሉሃል?»

«አይ፣ እንዲሁ ለመተባበር ነው።»

ትንሽ አሰበ። «አሃ፣ ደቦ ነዋ» አለ። ከዚያ፣ ምንም ተንኮል በሌለው ድምፅ፣ «ያንተ ደቦ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን አዲስ አበባ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

ከተማ ላደጋችሁ ትንሽ ላብራራ። እኛ ዘንድ ገበሬ የሌላ ሰው ጉልበት የሚያገኝባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። አንዱ ወንፈል ነው። ዛሬ አንተ ለእኔ አንድ ቀን ትሠራለህ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እኔ ላንተ አንድ ቀን እሠራለሁ። ቀን በቀን ነው። ራሱ መምጣት ያልቻለ ልጁን ወይም ወንድሙን ይልካል። ማንም ወረቀት ላይ አይጽፈውም፣ ማንም ግን አይረሳውም። ሁለተኛው ደቦ ነው። ባለ ማሳው ሰው ይጠራል፣ ያበላል፣ ያጠጣል፤ የመጣው ሰው በአንድ ቀን ትልቅ ሥራ ይጥልለታል። እዚህ ላይ እንደ ወንፈል የቀን ሒሳብ የለም። ሒሳብ የለም ማለት ግን ዕዳ የለም ማለት አይደለም። ደቦ ጠርቶ ሲያበቃ ሌላው ሲጠራው የሚቀር ሰው፣ በሚቀጥለው ዓመት የጠመቀው ጠላ ማሳው ዳር ሆምጥጦ ይቀርበታል። (ስሙ ከአገር አገር ይቀያየራል፤ ወንፈሉን ደቦ የሚሉም አሉ። እኔ እያልኩ ያለሁት እኛ ቤት ሲባል የሰማሁትን ነው።)

ሦስተኛው ቅጥር ነው። ይሄ ከሩዝ ጋር አብሮ ጎልብቷል። ሩዝ ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ፣ በገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማሳ ላይ ነው። ዛሬ ወረታ ላይ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ እንጀራችንም ጤፍና ሩዝ የተቀላቀለበት ነው። ውኃ የሚተኛበት መሬት የሚያበላ መሬት ሆነ። ሩዝ ግን አረሙ ጉልበት ይጨርሳል። የቤት ልጅና ወንፈል ብቻውን አይበቃውም። ስለዚህ በክረምት ከደጋው በኩል የሚወርዱ ጎረምሶች ይቀጠራሉ። ጠዋት ዋጋ ይነጋገራሉ፣ ማታ ብራቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። ነገ ሌላ ሰው ዘንድ ቢሄዱ ማንም አይቀየማቸውም።

እንግዲህ እነዚህ ሦስቱ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው። ወንፈል ቀን ይቆጥራል፣ ቅጥር ብር ይቆጥራል፣ ደቦ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ይቆጥራል። የእኔ ቢሮ ያደረገው ምንድን ነው? በቅጥር ያዘኝ፣ በደቦ ቋንቋ ይጠራኛል።

«እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ይባላል። መጀመሪያ ሥራ ስገባ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ ልጅ ቤተሰብ ነህ ሲሉት ይሞቀዋል። በኋላ ሳየው ግን በሩ ላይ የጣት አሻራ ማሽን አለ። ጠዋት 10 ደቂቃ ካረፈድኩ ማሽኑ ያውቃል፣ በወሩ መጨረሻ ከደመወዜ ይቀነሳል። ማታ 4 ሰዓት ስወጣም ያችኑ ጣቴን አስነካለሁ፤ ያንን ግን የሚያነብ ሰው የለም። ያው ማሽን ነው፣ ያው ጣት ነው። እናቴን ልጠይቅ ሁለት ቀን ብዬ የወጣሁ ጊዜ ግማሽ ቀኗ ሳትቀር ከፈቃዴ ላይ ተቀንሳለች። ያንን ጊዜ ቤተሰብነቱ የት እንደሄደ አላውቅም።

ከአባቴ ጥያቄ በኋላ ያደረግኩት የመጀመሪያ ነገር አዋጁን ማንበብ ነው። የማላውቀውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ማንዋል ከዳር እስከ ዳር የማነብ ሰው፣ የምተዳደርበትን ሕግ አንድ ቀን ገልጬው አላውቅም ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ያደርገዋል። ከዚያ የሚያልፈው ትርፍ ሰዓት ነው። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ የመደበኛው 1.5 እጥፍ ይከፈላል፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ 1.75፣ በሳምንት የእረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5። በወር 20,000 ብር የሚያገኝ ልጅ ሰዓቱ ሲሰላ 96 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ በሳምንት 12 ሰዓት ቀን ቀን አምሽቶ የሠራ ከ1,700 ብር በላይ ይገባዋል። በሳምንት ነው የምላችሁ።

ከብሩ በላይ ያስቆመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አዋጁ ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት እንዲሠራ አይገደድም ይላል። የሚፈቀደውም አሠሪው ሌላ መላ ሲያጣ ነው፦ አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ ወይም ሳይቋረጥ በሚካሄድ ሥራ ላይ የቀረ ሰው መተካት ሲያስፈልግ። በዚያ ላይ በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ መሆን አለበት፤ ትእዛዙንና የተሠራውን ሰዓት የሚመዘግበውም አሠሪው ነው።

ግልጽ ትእዛዝ! ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ አንድም ሰው «አምሽ» ብሎ አዝዞኝ አያውቅም። «ዛሬ የምትቆዩ ካላችሁ ፒዛ አለ» ይባላል። «ግድ አይደለም፣ ክላየንቱ ግን ጠዋት ያየዋል» ይባላል። ወይም ማንም ምንም አይልም፤ አለቃው አልተነሳም፣ ስለዚህ እኛም አልተነሳንም። ትእዛዝ ከሌለ መዝገብ የለም። መዝገብ ከሌለ ያ ሌሊት አልነበረም። እኛ ዲቨሎፐሮች ደግሞ ይሄን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባ ነበር፤ ሎግ ላይ ያልተጻፈ ነገር ተፈጽሟል ብሎ ማን ያምናል?

ስለ ሕጉ አንዲት ነገር ጨምሬ ልለፍ። የቀድሞው አዋጅ 377/1996 ትርፍ ሰዓትን በቀን 2፣ በወር 20፣ በዓመት 100 ሰዓት ላይ ይገድበው ነበር። አዲሱ ክፍያውን ከፍ አደረገና ጣሪያውን በቀን 4፣ በሳምንት 12 አደረገው። 12ቱን በዓመቱ ሳምንታት አባዙት፤ ከ600 ያልፋል። ክፍያው ጨመረ ብለን ስናጨበጭብ ጣሪያው ስድስት እጥፍ ከፍ ማለቱን ያስተዋለ ብዙ አይመስለኝም። እኔ ራሴ አላስተዋልኩም ነበር።

አሁን ወደ ምርታማነት። በዚህ ነገር ስንከራከር ብዙዎቻችን የምንመዘው ካርድ «የደከመ ሰው አይሠራም» የሚለውን ነው። እውነት ነው። ጆን ፔንካቬል የሚባል የስታንፎርድ ኢኮኖሚስት በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ የጥይት ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ሰዎችን፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ የሥራ ሰዓትና ምርት መዝገብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ጥናት አወጣ። እስከ 49 ሰዓት አካባቢ ሰዓት በጨመረ ቁጥር ምርት በዚያው ልክ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ጭማሪው እየሳሳ ይሄዳል። በሳምንት 70 ሰዓት የሠሩት ያመረቱት 56 ሰዓት ከሠሩት ብዙም የማይበልጥ ነበር። 14 ሰዓት እንዲሁ ቀለጠ ማለት ነው። በእኛ ሙያ እንዲያውም ይብሳል። የደከመ አጫጅ ቀስ ብሎ ያጭዳል እንጂ የታጨደውን መልሶ አያቆምም። የደከመ ዲቨሎፐር ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የጻፈውን ነገር ለማረም ነገ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ፍሬድ ብሩክስ በዘገየ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ላይ ሰው መጨመር ይብስ ያዘገየዋል ብሎ ከጻፈ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ሃምሳ ዓመት ሆነው። እኛ ጋ ሰው እንኳ አይጨመርም፣ ሌሊት ነው የሚጨመረው።

ይሄን ሁሉ ብዬ ግን ይህ ክርክር አይጥመኝም። ለምን? ቢሠራስ? ነገ አንድ ጥናት ወጥቶ 70 ሰዓት የሠራ ሰው በእርግጥም ብዙ እንደሚያመርት ቢያሳይ፣ ያኔ ሌሊቴ የእነሱ ይሆናል ማለት ነው? እረፍቴን «ካረፍኩ የበለጠ እሠራልሃለሁ» እያልኩ የማስፈቅደው ከሆነ፣ ያ እረፍት የእኔ አይደለም። በሬም እኮ ማታ ገለባ የሚሰጠው ነገ እንዲያርስ ነው።

እዚህ ላይ የቀዬዬ ነገር ትዝ ይለኛል። ኅዳር 12 ሚካኤል ነው፤ የእኛ ደብር ዓመታዊ ንግሥ። የሚውለው ልክ በሩዝ አጨዳው መሀል ነው። ሩዝ ከደረቀ በኋላ ከቆየ ዛላው ይረግፋል፤ እያንዳንዱ ቀን ኪሳራ ነው። ያን ቀን ግን ሜዳው ላይ አንድ ማጭድ አታዩም። ታቦት ይወጣል፣ ሰው ነጭ ለብሶ ይከተላል፣ የደረሰው ሩዝ ብቻውን ይቆማል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ይሄ ያናድደኝ ነበር። የአንደኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ ተማሪ ምን ያህል እንደሚያውቅ ታውቁታላችሁ፤ አባቴን አስቀምጬ በወር የማይሠራባቸውን ቀናት ቆጥሬለት፣ ከጥማድ መሬት ስንት ኩንታል እንደሚያጣ አስልቼለታለሁ። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ታዲያ ሁሉም ሲሠራ እኔ እንዴት አርፋለሁ?» አለኝ። ያኔ አልገባኝም። ጥያቄዬን በጥያቄ ያለፈው መስሎኝ ነበር።

ለካ ነገሩ ያ ነው። እረፍት ብቻህን የምትይዘው ነገር አይደለም። በዓል የሻረ ሰው እኛ ዘንድ ክፉኛ ይወቀሳል፤ በረዶ ከወረደ ሰበቡ እሱ ነው። በረዶውን ተዉትና የሚሆነውን እዩ። አንዱ በሚካኤል ቀን ካጨደ ነገ ሁለት ያጭዳሉ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያላጨደው ሰው ሰነፍ ይባላል። ቢሮዬ ውስጥ ያየሁት ይኸው ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ በራሱ ፈቃድ እሑድ ገባ። ማንም አላዘዘውም። ከሁለት ወር በኋላ እሑድ የማይገባ ሰው «ኮሚትመንት» የለውም ተባለ። የቻይና ዲቨሎፐሮች እ.ኤ.አ. በ2019 ጊትሀብ ላይ የተነሱት ስለዚህ ነው። ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን መሥራት ወግ ሆኖባቸው ነበር፤ በእነሱ አቆጣጠር 996 ይሉታል። በነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ነው እስኪል ድረስ የግለሰብ ምርጫ ነበር የሚባለው።

እርግጥ ሌላም ወገን አለ፣ ዘልዬው አልሄድም። አባቴ ራሱ በአጨዳ ወቅት ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ጨለማ ነው የሚያስገባው። ማን ነው ለእሱ አንድ ተኩል የሚከፍለው? ትንሽ ካምፓኒ የከፈተ ጓደኛ አለኝ፤ ክላየንቱ ውጭ አገር ነው፣ እዚያ ሲነጋ እዚህ ይመሻል፣ ብሩ ካልመጣ የልጆቹን ደመወዝ ከየት ያመጣዋል? ይሄን ሲነግረኝ አብሬው ተጨንቄያለሁ። ግን የአባቴ ሌሊት የአባቴ ሩዝ ነው። ጎተራ ሲገባ የእሱ ጎተራ ነው። ጓደኛዬም ሌሊት ቢያድር ካምፓኒው የእሱ ነው፤ ቢሸጠው ብሩ ወደ እሱ ነው የሚሄደው። በእሱ ልክ እንዲጨነቅ የሚጠብቀው ልጅ ግን ድርሻው የወር ደመወዝ ብቻ ነው። ባለ ማሳው እንደ ባለ ማሳ ቢሠራ አይገርምም። ሠራተኛው እንደ ባለ ማሳ ይሥራ፣ ሲካፈል ግን እንደ ሠራተኛ ይሁን ሲባል ነው ነገሩ የሚበላሸው።

እስካሁን ያወራሁት ተበዳይ ሆኜ ነው። ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር ግን አለ።

ከዚያ ኅዳር ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ ላይ፣ ለጥቂት ቀናት ቤት ነበርኩ። አባቴ ለጉዳይ ባሕር ዳር ሄዶ የአረሙን ሥራ ለእኔ ትቶልኛል። አራት የቀን ሠራተኞች ነበሩ፣ ከደጋ የወረዱ፣ ትልቁ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ቀኑን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብለው ዋሉ። 11 ሰዓት ተኩል ሲል ከማሳው ጫፍ ቀጭን ቁራጭ ቀረች። ለእሷ ብዬ ነገ ሰው መጥራት ከበደኝ። «ይቺን ጨርሱና ትሄዳላችሁ፣ ትንሽ ናት» አልኳቸው።

አንደኛው ቀና አለ። እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። «ትቆጠርልናለች ጋሼ?» አለኝ።

ደነገጥኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ። የተናደድኩት ጥያቄው ልክ ስለነበረ ይመስለኛል። «አትጨቃጨቁ እንጂ፣ ቤት ጠላ አለ» አልኳቸው።

ጨረሱት። ከአንድ ሰዓት በላይ ወስዷል፤ ሲጨርሱ ጨልሞ ነበር። የቀኑን ዋጋ ሳልጨምር ሳልቀንስ ሰጠኋቸው፤ እናቴ ጠላ ቀዳችላቸው። ሦስቱ ጠጡ። ያ ልጅ ግን ብሩን ቆጥሮ ኪሱ ከተተና ቆሞ ጠበቃቸው። በማግሥቱ ሌላ ሰው ማሳ ላይ አየሁት፤ ሰላም አለኝ፣ እኔም ሰላም አልኩት።

ግራር ሥር አባቴ ስለ ደቦ ሲጠይቀኝ መልስ ያጣሁት ለዚህም ጭምር ነው። የቴሌግራሙ መልእክት ላይ ያለችው ቃልና እኔ ማሳው ዳር ያልኳት ቃል አንድ ናቸው፦ ትንሽ ናት። የመሥሪያ ቤቴ ፒዛና የእኔ ጠላም ያው ናቸው። ክፉ ሰው ስለሆንኩ አይደለም፤ ማሳው ሊያልቅ ስለነበረ፣ ስለደከመኝ፣ እነሱም እምቢ እንደማይሉ ስላወቅሁ ነው። አለቃዬም ከዚህ የተለየ ሰው አይመስለኝም። በደል የሚፈጽሙት ጨካኞች ብቻ ቢሆኑ ነገሩ ምንኛ ቀላል ነበር።

ልጁን ፈልጌ ልክፈለው ብዬ በኅዳር ወረታ ላይ ጠይቄ ነበር። ስሙን እንኳ አላውቀውም። የማላውቀው ደግሞ ስላልጠየቅሁት ነው።

አሁን ቢሮ ውስጥ ሦስት ልጆች ከእኔ ሥር ይሠራሉ። ማዕረጌ «ሊድ» ይላል፤ የመቅጠርም የማባረርም ሥልጣን የለኝም፣ እንዲያመሹ የማድረግ ሥልጣን ግን አለኝ፣ እሱም ሳላዝዝ። ባለፈው ወር ለሪሊዝ ስንጣደፍ አንዷን «ግድ አይደለም፣ ግን...» ብዬ ጀመርኩና ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አቃተኝ። በነጋታው አንድ ተራ የጋራ ሠንጠረዥ ከፈትኩ። አራት ዓምድ ነው፦ ቀን፣ ማን እንዲቆይ ጠየቀ፣ ምክንያቱ፣ ስንት ሰዓት። ሁለተኛው ዓምድ ላይ ስሜ ተደጋግሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለልጆቹ ላክሁት፣ ለማናጀሩም ኮፒ አደረግኩለት።

ማናጀሩ ወዲያው ደወለ። አልተቆጣም። «ይሄ ለምን አስፈለገ? እኛ እኮ እንዲህ ዓይነት ቢሮ አይደለንም» አለኝ። አዋጁ መዝግቡ እንደሚል ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «እስቲ ከኤችአር ጋር እናየዋለን» አለ። ሦስት ሳምንት ሆነው፣ እስካሁን አልታየም። እኔንም በስብሰባ ላይ እንደ ድሮው «ወንድሜ» ማለት ትቷል።

ሠንጠረዡ ግን አልተዘጋም። መጀመሪያ ሳምንት ባዶ ነበር፤ ልጆቹ ፈርተው እንደሆነ ገብቶኛል፣ እኔም ፈርቻለሁ። ማክሰኞ ማታ ከፍቼ ሳየው የመጀመሪያው መስመር ተሞልቷል። የጠየቀው ሰው ቦታ ላይ የእኔ ስም አለ። ሰዓቱ 2፡15 ይላል።